በቁሟ የተለቀሰላት ልጄ

አደጋው የገባኝ ልጄ በተስቦ የወደቀች ዕለት አይደለም። ትኩሳቱ ለቋት፣ ግድግዳ ተደግፋ አጥሚት ፉት ስትል ነው። ከሸለቆው ማዶ ዋይታ ተሰማ። አንዲት ሴት ጀመረች፣ ሌሎቹ ተቀበሏት፤ ደረት ሲመታ እኛ ደጅ ድረስ ይሰማል። ወጥቼ ተጣራሁ።

«ማን ሞተባችሁ?»

ዋይታው ጸጥ አለ። የመለሰችልኝ የልጄ የክርስትና እናት ናት።

«ምነው እህቴ! ያንቺን ልጅ ነው እንጂ!»

«ልጄማ ድናለች! ይኸው አጥሚት ትጠጣለች!»

«እግዜር ያጥናሽ። ሐዘኑ ነው እንዲህ የሚያናግርሽ።»

«ኑና እዩአት! ወይ እኔ ላምጣት!»

«እዚያው! እዚያው ሁኚ፣ በእመቤታችን!»

ነገሩ የመጣው ከራሴ ጠጉር ነው። ልጄን ሳስታምም አንድ መደብ ላይ ስንተኛ ቅማል ስለፈጀኝ ሙልጭ አድርጌ ተላጨሁ። ባገራችን ደግሞ ሴት የምትላጨው ሰው ሲሞትባት ነው። ባሌ ጣልያንን ሊዋጋ ዱር ከገባ ወዲህ ቤት የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ የልጄን መታመም አገሩ ሁሉ ያውቃል። ተላጭቼ ጭራሮ ስለቅም ከማዶ ያየኝ ሰው ሌላ ምን ይበል? ቀርቦ የሚጠይቅ ቢገኝ ነገሩ በአንድ ቃል ያበቃ ነበር። ተስቦ ከገባበት ቤት ግን ማን ይቀርባል? ገና ስትታመም ወደኛ የሚያመጣውን መንገድ በእሾህ አጥረውታል።

ወደ ቤት ስመለስ ልጄ አጥሚቱን መሬት አስቀምጣዋለች።

«እማ፣ ያ ሁሉ ለኔ ነው?»

«ተሳስተው ነው የኔ ዓለም። ነገ ራሳቸው ይስቁበታል።»

«የክርስትና እናቴም አለቀሰች?»

ምን ልበላት? አጥሚቱን አንስቼ መልሼ አስያዝኋት።

በማግስቱ ከእሾሁ ወዲያ ካለው ድንጋይ ላይ አንድ ቁና ንፍሮ አስቀምጠውልን አገኘሁ። የሐዘን ንፍሮ ነው። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፣ ፈሩ እንጂ። ቤቴ ዱቄት አልቆ ስለነበር አምጥቼ አቀረብሁላት። አየችው፣ ቀና ብላም እኔን አየችኝ።

«የራሴን ንፍሮ ልብላ?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ወዲያ ከውኃ በቀር በአፏ የሚገባ ጠፋ። ብለምናት፣ ብቆጣት፣ «ሙት እህል አይበላም እማ» ትለኛለች፤ ረጋ ብላ፣ ከብቶቹ ገብተዋል እንደማለት። እኔ ግን በላሁት። እሷን የምይዝበት ጉልበት ያስፈልገኝ ነበር።

ሰው ካያት ይበቃል ብዬ ደግፌ ወደ ምንጩ ወሰድኋት። ሴቶቹ እንስራቸውን እየጣሉ ሸሹ። የክርስትና እናቷ ብቻ ራቅ ብላ ቆመች፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና።

«አንዴ የተለቀሰለት ተመልሶ ሲመጣ ሸጋ አይደለም። መልሻት እባክሽ።»

«ወዴት ነው የምመልሳት?» አልኋት።

ከብት የሚያጠጡትን ሽማግሌ ለመንሁ። «አያ፣ እርስዎ እንኳ ቀርበው ይዩአት!» ዱላቸውን ከፊታቸው ዘርግተው ወደ ኋላ አሉ። «ልጄ፣ እኔም ልጆች አሉኝ።» ልጄ ይህን ሁሉ ስትሰማ ዓይኗ እንኳ አልረጠበም። እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው።

በማግስቱ ጧት መደቡ ላይ አጣኋት። ገደሉ አፋፍ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ተቀምጣ አገኘኋት።

«አልዘልም፤ አትጩኺ» አለችኝ። «የሞተ ሰው ቢወድቅ ምን ይሆናል እያልሁ ነው።»

መቀነቴን ፈትቼ ወገቧን ከወገቤ ጋር አሰርሁት። ቤቱን ሳልዘጋ በዚያው ሄድን። ከጎንደር ወዲያ፣ ኮላ ድባ ያገባች ታላቅ እህት አለችኝ፤ እዚያ ለልጄ ያለቀሰ ሰው የለም። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

መንገዱን እያረፍን፣ አንዳንዴም እያዘልኋት ወረድን። ጎንደር ከመግባታችን በፊት ሰው እንዳይጠረጥር መቀነቱን ፈታሁት። ጣልያኖቹ በተስቦ የጠረጠሩትን ይወስዳሉ፣ ልብሱን ያቃጥላሉ፣ የተወሰደም አይመለስም ሲባል ሰምቻለሁ። አራዳ ገበያ አጠገብ አንድ የጣልያን ባንዳ አስቆመንና ራሴን አየው።

«ማን ሞተብሽ?»

አንድ ነገር ልዋሽ አፌን ስከፍት ልጄ ቀደመችኝ።

«እኔ።»

ባንዳው ወደ ጓደኛው ዞሮ ሳቀ። «ስማ እንጂ፣ ለማኪና ሰስታ ሬሳዋን በእግሯ ታስኬዳታለች! እለፉ፣ መቃብሩ ሳይዘጋባችሁ!»

ሳናይ ሳንዞር አለፍን። ከገበያው ወዲያ ስንደርስ ልጄ፣ «ሳቁ እንጂ አልሸሹም» አለች። ያን ቀን ሌላ ቃል አልተናገረችም።

እህቴ ደጃፏ ላይ በርበሬ ስትቀነጥስ ደረስን። ከአጥሩ ወዲህ ቆሜ ጮኽሁ።

«እታለም፣ አትቅረቢ! ተስቦ ነበረብን! አገሩ ለልጄ በቁሟ አልቅሶላታል!»

«ምነው፣ አብደሻል?» ብላ መጣች።

ልጄ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። «አክስቴ፣ አንቺም አልቅሰሽልኛል?»

«ላንቺ? ማን መርዶ ነገረኝና? እንባዬን ለሠርግሽ አስቀምጬዋለሁ።»

የልጄን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ሳመቻት። እጇ በርበሬ መሆኑን ረስታዋለች። ልጄ ጮኸች። «ዓይኔን! አቃጠለኝ እማ፣ አቃጠለኝ!» እየዘለለች አለቀሰች። እህቴ በቅል ውኃ እያፈሰሰችላት፣ «ሬሳ በርበሬ አያቃጥለውም፣ ዝም በይ!» ትላለች፤ እሷም ታለቅሳለች። ዓይኗ ቀልቶ፣ ንፍጧ እየወረደ፣ ልጄ ዳቦ አለ ወይ ብላ ጠየቀች።

ዛሬም ልቅሶ ስትሰማ ጆሮዋን ይዛ ትቀመጣለች። ያ አልለቀቃትም። ያን ዕለት ግን ዳቦውን በላች፣ ጨመረች፣ ከእህቴ ልጆች መካከል ተኛች። ኮላ ድባ ገባን። ልጄ አልሞተችም። ተረፍን።