የእግር ብረቱን ፍለጋ

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው። በማዕድን ፍለጋ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ካዛንቺስ እናቴ ቤት እኖር ነበር። ሥራዬ ማግኔቶሜትር በሚባል መሣሪያ ከመሬት በታች ያለ የብረት ማዕድን መፈለግ ነው። ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ የተሰካች፣ የወተት ጣሳ የምታህል ነገር ናት፤ በጣም ደካማ የሆነ የማግኔት ኃይል እንኳ አያመልጣትም። ገጠር ወጥቼ ስይዛት ቀበቶዬን፣ ቁልፌን፣ የፀጉሬን ሽቦ ሳይቀር አወልቅ ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ጎረቤታችን እማማ ከእናቴ ጋር ተቀምጠው አገኘኋቸው። የመጀመሪያ ልጃቸው በቀይ ሽብር ጊዜ ተወስዶ እንዳልተመለሰ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ያን ሰሞን ደግሞ አብሮት ታስሮ የነበረ ሰው መጥቶ ነግሯቸዋል፦ ልጁ የተቀበረው እዚሁ ቂርቆስ፣ ድሮ እስር ቤት በነበረ አንድ ግቢ ጓሮ ነው። የእግር ብረቱን እንኳ አልፈቱለትም።

«ልጄ፣ ያ መሣሪያሽ ብረት ያገኛል አሉ» አሉኝ።

«ያገኛል እማማ፣ ግን...»

«እንግዲያው የእሱንም ያገኛል።»

ከተማ ውስጥ ለምን እንደማይሆን ላስረዳቸው ሞከርኩ። ጣራው ቆርቆሮ፣ አጥሩ ቆርቆሮ፣ ከሥር ቧንቧ፣ ከላይ መኪና። በዚያ ሁሉ ብረት መሀል የአንድ እግር ብረት ድምፅ አይሰማም አልኳቸው። እስክጨርስ አዳመጡኝና፣ «መቼ ይመችሻል?» አሉ።

አለቃዬ መሣሪያዋን ለአንድ እሑድ እንድወስዳት ሳይወድ በግድ ፈቀደልኝ። ግቢው ያኔ የእንጨት መጋዘን ሆኗል። ጥበቃው አዛውንት ናቸው፤ ነገሩን ሲሰሙ በሩን ከፈቱልን። እማማ ቀበቶዬን ስፈታ አይተው የአንገታቸውን የብር መስቀል ማውለቅ ጀመሩ።

«ብር አይረብሽም፣ ይተዉት» አልኳቸው።

«ግድ የለም፣ ለማንኛውም» ብለው በመሐረብ ጠቅልለው ለጥበቃው ሰጧቸው።

ጓሮውን ከአንድ ጥግ ጀምሬ መስመር በመስመር ዞርኩት። ገጠር ላይ መሣሪያዋ የምታሳየኝ ቁጥር ቀስ እያለ ይወጣል፣ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ከሥር ምን እንዳለ ይገባኛል። እዚያ ግን ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር ይዘላል፤ ወደ አጥሩ ስጠጋ ጭራሽ ያብዳል። እማማ ከኋላዬ ይከተሉኛል። በቆምኩ ቁጥር፣ «አገኘሽው?» ይሉኛል። «ገና ነው እማማ» እላለሁ።

ከመጋዘኑ ግንብ ሥር አንድ ቦታ ላይ ቁጥሩ እየደጋገመ ከፍ አለብኝ። እሳቸውም ፊቴን አይተው ገባቸው። ጥበቃው ዶማ አምጥተው መቆፈር ጀመሩ። እማማ መሬት ላይ ተቀምጠው አፈሩን በእጃቸው እየሳቡ ያወጡ ነበር። ብረት ከብረት ሲጋጭ ሁላችንም ደነገጥን። የዛገ የውኃ ቧንቧ ነው። ሌላ ቦታ ቆፈርን፤ የአልጋ ሽቦ ወጣ። ከዚያ በኋላ የት እንቆፍር እንደምላቸው አላወቅኩም፤ መሣሪያዋ ግቢው በሙሉ ብረት ነው ነበር የምትለኝ።

«ምናልባት ጠልቆ ይሆናል» አሉ እማማ።

«ሊሆን ይችላል።»

«ግን እዚህ ነው አይደል?»

ዶማውን ከጥበቃው ተቀብዬ ጉድጓዱን መድፈን ጀመርኩ።

ዓመታት አለፉ። ግቢው ፈርሶ ፎቅ ሊሠራበት ኤክስካቫተር ገባ። እማማ ጃንጥላቸውን ይዘው ከመንገዱ ማዶ ይቆሙ ጀመር። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሄጄ አብሬያቸው ቆምኩ። ገልባጭ መኪና አፈር ጭኖ ሲወጣ ሹፌሩን ጠሩት።

«የኔ ልጅ፣ ይሄን አፈር የት ነው የምትደፉት?»

«የታዘዝንበት ነው እናቴ። ዛሬ አንዱ ጋ፣ ነገ ሌላው ጋ።»

የሥራውን ኃላፊ ለመንኩት፤ አጥንት ካየን እናቆማለን አለኝ። ኤክስካቫተሩ ግን አንዴ ሲያፍስ ጋሪ ሙሉ አፈር ያነሳል፤ ማን አይቶ ማን ያቆማል? እማማ እጄን ይዘው፣ «በቃ፣ አንቺ ወደ ሥራሽ ሂጂ» አሉኝ። ሄድኩ፤ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ፎቁ ሳያልቅ አረፉ። በቀብራቸው ዕለት ካህኑ ሲጸልዩ የእማማን የክርስትና ስም ጠርተው የልጃቸውንም አስከተሉ። የልጁን ስም ለካህኑ ሹክ ያለቻቸው እናቴ ነበረች።