አድቮኬት ተክለማርያምና የጁሀራ የጓሮ ቤት

አቶ ተክለማርያም እዚህ ሮቤ ጠበቃ ነበሩ። «ጠበቃ» ካላችኋቸው ግን ፊታቸው ይጠቁራል። «አድቮኬት በሉኝ» ነው የሚሉት። ከጎባ ፍርድ ቤት ሲመለሱ ሰፈራችን ጠጅ ቤት በር ላይ ቆመው ያስተምሩናል። «የእንግሊዝ ቃል ነው፤ ሥሩ ግን የጥንት ሮማውያን ነው። እዚያ ሰው ሲከሰስ ብቻውን አይቆምም፤ ወዳጁን 'ና አጠገቤ ቁምልኝ' ብሎ ይጠራል። አድቮኬት ማለት የተጠራ፣ ተጠርቶም የመጣ ነው።»

ጎረቤታቸው ጁሀራ፣ የሟቹ የባለሱቁ የማሜ ሚስት፣ ሰምታ ሳቀች። «ወላሂ፣ እኔ ብጠራዎትስ ይመጣሉ?»

«አንቺ ብቻ ጥሪኝ! በሌሊት ልብሴም ቢሆን እመጣለሁ!»

የሌሊት ልብሳቸውንስ ሚስታቸው ሠርከአዲስ ነግራኛለች፤ መጣፊያው ከጨርቁ ይበዛል። ተዉት።

ከዚያ ደርግ መጣ፤ ትርፍ ቤት ተወረሰ። የእሳቸውም የሚያከራዩት ቤት ተወሰደ። ቀጥሎ ቀበሌው የጁሀራን የጓሮ ቤት «ትርፍ ነው» አለ። ልጇ ረቢያ ከነአራስነቷ የተኛችበት ቤት እኮ ነው! ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ጉቱ «የሚናገርላት አለ?» ሲል፣ ጁሀራ ሻሿን አጥብቃ ተነሳች።

«አቶ ተክለማርያም፣ ጠርቼዎታለሁ። ይምጡና አጠገቤ ይቁሙልኝ።»

አዳራሹ በሙሉ ዞረ። እሳቸው ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ፈቱ። አሰሩት፤ ደግሞ ፈቱት። ላባቸው ጠብ ጠብ ይላል። አጠገባቸው ተቀምጬ ነበርና በክርኔ ጎሸም አደረግኳቸው። «እርስዎ፣ እየጠራችዎት ነው እኮ።»

«ዝም በይ! የባላባት ጠበቃ ነበርክ ብለው ይበሉኛል» አሉኝ በሹክሹክታ። እውነት ነው፣ ነበሩ። ጁሀራ ቆማ ቆማ ተቀመጠች። በማግስቱ ረቢያ ልጇን አዝላ ወጣች፤ ቤቱም ታሸገ።

ከዚያ ወዲህ ሰውዬው «አድቮኬት በሉኝ» ማለት ተዉ። በጁሀራ ደጅ ላለማለፍ በወንዝ በኩል ይዞራሉ፤ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው። ሠርከአዲስ እንደነገረችኝ በእንቅልፋቸው «መጣሁ፣ መጣሁ» እያሉ ይባንናሉ። አሳዘኑኝ፤ ትንሽ ደግሞ ደስ አለኝ።

ይኼም አልበቃ! የሚኖሩበትን ቤት ቀበሌው ለጽሕፈት ቤት ፈለገውና ምትክ ሰጣቸው። የት መሰላችሁ? ያው የታሸገው የጁሀራ የጓሮ ቤት!

«ሌላ ይስጡኝ፤ የከብት ማደሪያም ቢሆን» ብለው ጉቱን ለመኑት።

«ሰው ቤት አጥቷል፣ አንተ ታማርጣለህ?» አላቸው። አንተ! በሽበታቸው!

የገቡ ዕለት ጁሀራ ብቅ አለች። እኛ ጋ አዲስ ቤት የገባ ሰው ደረቅ አፉን አያድርም። ወተት በጮጮ ሞልታ «አካም ኦልታን፣ እንዴት ዋሉ፣ እንኳን ደህና ገቡ» አለቻቸው። እኔ ሽሙጥ ስጠብቅ፣ ምንም የለ። እሳቸው በሁለት እጃቸው ተቀብለው አፋቸው ድረስ አደረሱና ሳይጠጡ መልሰው አወረዱት።

«ይጠጡ እንጂ፣ የዛሬ ነው» አለችና ሄደች።

ግድግዳው ላይ ረቢያ የልጇን ጨርቅ ትሰቅልበት የነበረ ሚስማር አለ። ኮታቸውን አውልቀው ሚስማሩን አዩት። አልሰቀሉትም። አጥፈው መሬት ላይ አስቀመጡት።