እሳት ላይ ያለ ሸክላ

በደርግ ጊዜ፣ ከጂንካ ወደ ካኮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ማዕድን ፈላጊዎች ጥለውት የሄዱት ካምፕ ነበር። ወርቅ ብለው ቆፈሩ፤ ጭቃ ብቻ ሲወጣላቸው የቆርቆሮ ቤቶቹን ትተው ሄዱ። ያ ጭቃ ለሸክላ ሠሪ ወርቅ መሆኑን ማን ይንገራቸው? ሰባት ሴቶች ገቡበት። እያንዳንዷ በማሰሮዋ አንገት ላይ የራሷን ጌጥ ትቀርጻለች፤ ከሩቅ አይቼ የማን እንደሆነ አውቅ ነበር።

በእኛ ዘንድ ሸክላ ሠሪ ቤት አይገባም፣ ከእጇም አይበላም። እናቴ ድስት እንድገዛ ስትልከኝ "ከደጅ ተቀብለሽ ነይ" ትለኛለች። እኔ ግን እገባለሁ። ግድግዳችን ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ፊደል ለቅሜ ስለነበር፣ ወረቀት ሲደርሳቸው የማነብላቸው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን የመጣው ወረቀት "ካምፑ ለመጋዘን ስለተፈለገ ሐሙስ ልቀቁ" ይላል። ታላቂቱ፣ እኔ ብቻ እማማና አንቱ የምላቸው፣ ጭቃ ማሸታቸውን ሳያቆሙ "እንግዲያ ሐሙስ ሸክላ እናቃጥላለን" አሉ።

እሳት ላይ ያለ ሸክላ አይነካም። የነካው ሰው ቤቱ ዕቃ አይበረክትለትም ይባላል። ሸክላ ሠሪን የሚንቅ ሁሉ ይህችን ይፈራል።

ሐሙስ የቀበሌው ሊቀመንበር በጭነት መኪና ሲመጣ፣ ልክ መኪናው በሚገባበት በር ላይ፣ ማሰሮዎቹ የተቀበሩበት የሣርና የኩበት ክምር ይነዳል። ኩበት አቀባይዋ እኔ ነበርኩ።

"ይህን አንሱ።"

"አይነሳም፣ ጓድ። ካልፈራህ አንተ አንሳው" አሉት እማማ።

"መቼ ነው የሚበርደው?"

"እሱ ሲበርድ ሌላው ይገባል።"

ሊቀመንበሩ ሾፌሩን አየው። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። "ጓድ፣ እኔ ቤት ሚስት አለች፣ ድስትም አላት። አልነካም።"

ሊቀመንበሩ እኔ ላይ ዞረ። "አንቺ የጨዋ ልጅ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

እማማ ከፍሙ ዳር የበሰለ ጎደሬ አወጡ። ከእጃቸው ተቀብዬ ፊቱ ቆሜ በላሁ፤ አፌን አቃጠለኝ፣ አልተፋሁትም።

ሄደ። በሳምንቱ መጣ፤ እሳቱ እዚያው ነው። በሌላው ሳምንትም እንዲሁ። መጨረሻ መጋዘኑን ሌላ ቦታ ሠሩት።

እናቴ የጎደሬውን ወሬ ሰምታ አኮረፈችኝ። አንድ ቀን ግን ድስቷ ተሰነጠቀና "ሂጂ አምጪልኝ" አለች።

"ራስሽ ሂጂ" አልኳት። "እሳቱን ዞረሽ ግቢ።"