አባ ጠጠር እና አዲሱ ጠጠር

መሥሪያ ቤታችን የቆዩ ሠራተኞችን ታሪክ በአንድ ደብተር ሊያሰባስብ ነው ተብሎ የወንድሜን እኔ እንድጽፍ ታዘዝኩ። ሌላ ሰው ቢጽፈው ይሻል ነበር። ሦስት ወረቀት አበላሽቻለሁ፤ ይሄ አራተኛው ነው። እኔ የጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ፣ ፊደል የቆጠርኩትም ካረጀሁ በኋላ ነው ማለት ይቻላል። ያጠፋሁትን እያለፋችሁ አንብቡት።

ወንድሜን ሁላችሁም አባ ጠጠር ነው የምትሉት። እኔ ጋሼ እለዋለሁ። ዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። ባሌ ከሞተ ወዲህ የምኖረው እሱ ቤት ነው፤ ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ ወጥ ቤት።

ሥራው ኩሬ መለካት ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ጫካው ውስጥ አሥራ አንድ ኩሬ አለ፤ የምንጠጣው ውኃ ከዚያ ነው የሚመጣው። በየኩሬው ዳር ቁጥር የተቀባበት እንጨት ቆሟል። ጋሼ ማክሰኞና ዓርብ በብስክሌት ይዞራል፣ ውኃው እስከየት እንደደረሰ አይቶ ደብተሩ ላይ ያሰፍራል። ሃያ ሦስት ዓመት እንዲህ አደረገ። መንገዱ አስፋልት አያውቅም፣ ጠጠር ነው። ሞተር ብስክሌት እንስጥህ ሲሉት "ሞተር ጆሮ ይደፍናል" ብሎ እምቢ አለ። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

ብስክሌቱ ጎማው ወፍራም ነው፣ ከባድ ነው። በራችን ፊት ለፊት የሚሠራው ጎሚስታ ሲነፋለት ሁልጊዜ ይተርበው ነበር።

"አባ ጠጠር፣ ይቺን ብስክሌት ለምን አታገባትም? ከሷ ሌላ የሚችልህ የለም።"

"ጠይቄያት ነበር። ጎሚስታውን ነው የምፈልገው አለችኝ። ምን ላድርግ፣ ቀኑን ሙሉ እጅህ እሷ ላይ ነው።"

ጋሼ ውጪ ሲሆን እንዲህ ነው፣ ተጫዋች። ቤት ሲገባ ግን እንደ እኔ ዝምተኛ ነው። ሁለት ዝምተኛ አንድ ቤት ሲኖር ምን እንደሚሆን አሁን እጽፋለሁ።

አንድ እሁድ ከኋላው አስቀምጦ ወሰደኝ። ዛፎቹ ከላይ ገጥመው መንገዱን አጨልመውታል። ኩሬዎቹ ጥቁር ናቸው፣ ቅጠል ላያቸው ላይ ተኝቷል፣ አይነቃነቅም። ሰው ሁሉ ደስ የሚል ቦታ ነው ይላል። እኔ ፈራሁት።

"ዓይንሽን ጨፍኚና ስሚ" አለኝ።

ጨፈንኩ።

"ይሄ እንደ ደረቅ ምስር የሚንኮሻኮሸው ሁለተኛው ኩሬ ነው። አሁን ደግሞ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ሰው ሆነ፣ ሰማሽ? ሦስተኛው ጋ ደረስን። ስድስተኛው ጋ ጠጠሩ ተልጦ አልቋል፣ ጎማው ዝም ይላል። ዝም ሲል ወደ ግራ። አለዚያ ከአሣ ጋር ነው ምሳሽ።"

ሳቅን። ያኔ ዓይኑ ደህና ነበር መሰለኝ። ወይም አልነበረም፣ እንጃ።

ነገሩ የገባኝ ከእጅጌው ነው። ልብሱን የማጥበው እኔ ነኝ። ካቻምና ከክረምት ጀምሮ ማክሰኞና ዓርብ የቀኝ እጅጌው እስከ ክርኑ እየረጠበ ይመጣል፣ ኩሬ ኩሬ ይሸታል። በዓይኑ ውኃ የሚለካ ሰው እጁ ለምን ይረጥባል? በኋላ እንዳየሁት፣ እንጨቶቹ ላይ በቢላ ምልክት ቆርጦባቸዋል። እጁን ውኃ ውስጥ እየከተተ በጣቱ ይቆጥር ነበር። ሻይ ሲቀዳም ጣቱን ብርጭቆው አፍ ላይ ማድረግ ጀመረ። ደብተሩ ላይ የሚጽፈው ቁጥርም ከመስመር ወጥቶ አንዱ ተራራ፣ አንዱ ገደል ሆነ።

ከዚያ አንድ ቀን "እህት ዓለም፣ እስቲ ገልብጪልኝ፣ እጅሽ ይፍታታ" አለኝ። እሱ በቃሉ ይነግረኛል፣ እኔ ንጹሕ ገጽ ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ ወዲህ ለመሥሪያ ቤቱ የገባው ቁጥር ሁሉ የእኔ እጅ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ። ቁጥሩ ግን ትክክል ነበር።

እንዲህ ሆነን ከረምን። እሱ አልነገረኝም፣ እኔም እንዳላወቀ ሆንኩ። ጡረታ ሊወጣ አሥር ወር ነበር የቀረው። ዓይኑ መድከሙ ከታወቀ ብስክሌቱን በዚያው ቀን ነው የሚቀሙት። ጡረታ ስለወጣ አንድ ጓደኛው ሲያወራ ደግሞ "ሰውየው እኮ ወንበር ሆነ" ብሎኝ ነበር። እባክህ አምላኬ አሥር ወር ብቻ፣ እል ነበር።

ሐሙስ ቀን ኮሪደሩን እየወለወልኩ ኃላፊያችን በስልክ ሲያወሩ ሰማሁ። "ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ኩሬ አዲስ ጠጠር ፈሰሰ? ዛሬውኑ? ተመስገን፣ ያ መንገድ አልቆ ነበር" አሉ።

መወልወያውን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። ስድስተኛው ኩሬ። ዝም ሲል ወደ ግራ። አሁን ዝም አይልም።

ራት ላይ ልነግረው ነበር። እውነቴን ነው፣ ልነግረው ነበር። ግን ጠጠር ተለወጠ ብዬ ብነግረው፣ ዓይን ላለው ሰው ጠጠር ምኑ ነው? ማወቄን ያውቃል። ያፍራል። እኔ ደግሞ ማፈር ምን እንደሆነ ከራሴ አውቀዋለሁ፣ ለሰው አልመኘውም።

"ጋሼ።"

"ወይ።"

"ነገ..."

"ነገ ምን?"

"ነገ ጉም ይሆናል አሉ።"

"ይሁና። ስኳር ነኝ እንዴ የምሟሟው?"

ዳቦውን ቆርሶ ሰጠኝ። ሾርባው ጨው እንዳነሰው ነገረኝ። በዚያው ቀረ።

ጠዋት በር ላይ "ዛሬ ቀስ ብለህ" አልኩት። "መቼ ሮጬ አውቃለሁ" አለና ደወሉን ሁለት ጊዜ መታ፣ እንደ ልማዱ፣ ሄደ።

ሰባት ሰዓት ላይ ይመለስ ነበር። ስምንት ሆነ። ጎሚስታውን ብስክሌት ስጠኝ አልኩት። "ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል" አለኝ። ብስክሌቱን ይዤ ወጣሁ። እሱም ሌላ ብስክሌት አንስቶ ከኋላዬ መጣ።

አዲሱ ጠጠር ስለታም ነው፣ ጎማ ከሥሩ ይንሸራተታል። ሁለቴ ወደቅሁ። ድምፁ ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው አንድ ዓይነት ነው፣ ኮሽ ኮሽ ኮሽ፣ ለውጥ የለውም። ስድስተኛው ኩሬ ጋ መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፋል። የጋሼ ጎማ ያሰመረው መስመር ግን ቀጥ ብሎ ሄዷል።

ቄጠማው ውስጥ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ተቀምጦ አገኘነው። አንድ እግሩ ከሥሩ ታጥፏል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ደብተሩን በላስቲኩ እንደተጠቀለለ ራሱ ላይ አድርጎታል፣ እንዳይረጥብ። በድምፄ ነው ያወቀኝ።

"ጠጠሩ ተለውጧል" አለኝ።

"አውቃለሁ" አልኩት።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጎሚስታው ብስክሌቱን ከጭቃው እየጎተተ ነበር፣ አልሰማም። ጋሼ ግን ፊቱን ወደ እኔ አዞረ፣ ትንሽ ወደ ጎን ስቶኝ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

የትኛውን እንደጠየቀኝ አላወቅሁም። "ጠጠሩን ከትናንት ጀምሮ" አልኩት። "ሌላውን... ከእጅጌህ ጀምሮ።"

ብርዱ ያንቀጠቅጠዋል።

"ታዲያ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እግሩ ብረት ገብቶለት ተገጠመ፣ ከበፊቱ ግን አጠረ። ዓይኑን ያየው ሐኪም ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ ይተርፍ ነበር አለ። ሁለት ዓመት ማለት የመጀመሪያው ርጥብ እጅጌ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። ኃላፊያችን ደብተሩን አገላብጠው "ይሄ የማን እጅ ነው?" ሲሉ የኔ ነው አልኩ። ያባርሩኛል ብዬ ነበር። ትንሽ አሰቡና ሌላ ሰው እስኪገኝ ኩሬዎቹን አንቺው ያዢ አሉኝ። ሌላ ሰው እስካሁን አልተገኘም። ጫካው ውስጥ ለብቻው መሄድ የሚወድ ሰው የለም።

አሁን ማክሰኞና ዓርብ በጋሼ ብስክሌት የምወጣው እኔ ነኝ። እሱ መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ይቀመጣል። ስመለስ "ስንት?" ይለኛል። ከአንደኛው እስከ አሥራ አንደኛው እነግረዋለሁ። ራሱን ይነቀንቃል፣ በቃ። ጎሚስታው አንዳንዴ መጥቶ "አባ ጠጠር፣ ሚስትህ እኮ ከእህትህ ጋር ኮበለለች" ይለዋል። ድሮ ቢሆን መልስ አያጣለትም ነበር። አሁን "እንኳን ሄደችላት" ብቻ ይላል።

ይህን ጽሑፍ ሳልሰጣችሁ አነበብኩለት። እየተደናቀፍኩ ነው ያነበብኩት፣ ራቱ ላይ ስደርስ ደግሞ ዘልዬ ልሄድ ነበር። "ዘለልሽ" አለኝ። ተመልሼ አነበብኩት። ጨርሼ ወረቀቱን ሳጥፍ ቆይቶ ስለ መንገዱ ጠየቀኝ፣ ከወደቀ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

"ስድስተኛው ጋ ያለው ጠጠር ተረገጠ?"

"ተረግጧል ጋሼ። መኪና ደጋግሞ ሄዶበታል።"

"አሁን ምን ይላል?"

ላስታውስ ሞከርኩ። ያን ቀን ጠዋት አልፌበት ነበር።

"አላውቅም" አልኩት። ውሸት አይደለም፣ ዓይኔን ገልጬ ነው የምሄደው።