ፊት ለፊት የተሰጠ ድምፅ

አልታየች ውለታ የማትረሳ ሴት ነበረች፤ ችግር ውስጥ የከተታትም ይኸው ጠባይዋ ነው።

በ1965ቱ ክፉ ቀን ባሏ ንጉሡ የቀረውን አንድ በሬ ሸጦ እህል ሊፈልግ ወደ ደሴ ወጣ፤ ሳይመለስ እዚያው መጠለያ ውስጥ ታሞ ሞተ። መርዶው የደረሳት ከተቀበረ ከሁለት ወር በኋላ ነው። በእጇ የቀሩት ሁለት ሴቶች ልጆችና ከመካነ ሰላም ከተማ የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ያለ አንድ ማሳ ነበሩ። ማሳው ደግሞ የሚዘራ ሲጠፋ ድንጋይ ነው።

ያን ጊዜ የደረሱላት አያ አራጌ ናቸው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቁጡ፣ ምላሳቸው የማያርፍ ሽማግሌ ናቸው። ጉድጓድ ውስጥ ያኖሩትን ገብስ አውጥተው በየቅዳሜው በቁና ይሰፍሩላት ነበር፤ ከእህሉ ጋር ስድቡንም ጨምረው። «ያ ሞኝ ባልሽ ጥሎሽ ሄደና የእኔ ዕዳ ሆንሽ! ያዢ፣ አትነፋረቂብኝ!» ይላሉ። ቁናውን ግን አንድም ቀን አጉድለው አያውቁም። ልጆቿ ከሞት ተረፉ። አልታየች ዛሬም ድረስ «እኔ መውለድ ብቻ ነው የወለድኳቸው፤ ያሳደጓቸው አያ አራጌ ናቸው» ስትል ከልቧ ነው።

ባሏ በሞተ በሁለተኛው ዓመት መንግሥት ተለወጠ፣ የመሬት አዋጅ ታወጀ፣ ገበሬው በማኅበር ተደራጅቶ ሊቀመንበሩን ይምረጥ ተባለ። ምርጫውን የምታካሂደው ብርሀንነሽ የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ፣ ዘማች ተማሪ ነበረች። የደጋው ፀሐይ አፍንጫዋን ልጦታል፤ ጉልበቷ ግን አላለቀም። የመጀመሪያውን ስብሰባ በዓለም ዜና ከፈተችው።

«እንግሊዞች በስምንት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ምርጫ አድርገዋል» አለች።

«የመጀመሪያው ምን ሆነባቸው?» ሲል አምባቸው ጠየቀ። አምባቸው በማንኛውም ስብሰባ ላይ መጀመሪያ የሚጠይቅ ሰው ነው።

«አሸናፊው አልለይ አለ።»

«እንዴት እንዴት አድርገው ነው የሚመርጡት?»

«ብዙው ሰው አባቱ ሲመርጥ የኖረውን ፓርቲ ይመርጣል። ሠራተኛው ወደ ሠራተኛው፣ ባለሀብቱ ወደ ባለሀብቱ ያደላል። ኑሮ ሲወደድበት ደግሞ የሚቀይር አለ። ብቻ ወረቀቱን ተከልሎ ነው የሚሞላው፤ ማንም አያየውም።»

«ምን የሚያሳፍር ነገር ሊሠሩ ነው የሚከለሉት?» አሉ አያ አራጌ፤ ሜዳው በሳቅ አወካ፤ ብርሀንነሽም ሳቀች።

እዚህ ግን ማንበብ የሚችለው በጣት የሚቆጠር ስለሆነ ወረቀቱ ቀረ። ሁለቱ ዕጩዎች ፊታቸውን ወደ ተራራው አዙረው በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሕዝቡ ከሚፈልገው ሰው ጀርባ ይሰለፋል። ቂም እንዳይያያዙ ዕጩዎቹ ቆጠራው እስኪያልቅ ዞር ብለው ማየት አይፈቀድላቸውም። ከዕጩዎቹ አንዱ አያ አራጌ፣ ሁለተኛው አህመድ ሆኑ። አህመድ አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ንግግር ሲጀምር የሚንተባተብ፣ ቀብር ሲኖር መቆፈሪያውን ይዞ ቀድሞ የሚገኝ ገበሬ ነው።

ምርጫው ለሚመጣው እሁድ ተቀጥሮ ስብሰባው ከመበተኑ በፊት ብርሀንነሽ ለዕጩዎቹ አንድ ጥያቄ አቀረበችላቸው፤ ባሏ የሞተባት ሴት መሬት በማን ስም ይመዝገብ?

«በባሏ ወንድም ስም ነዋ!» አሉ አያ አራጌ። «ሴት እርፍ አትጨብጥም። እሱ ያርሳል፣ እሷን ያበላል። ከጥንትም እንዲህ ነው።» ክፋት አልነበራቸውም፤ የሚያምኑትን ነው የተናገሩት።

አህመድ ትንሽ ተንተባተበና «ማሳው ላይ አብራ ስትለፋ የኖረችው እሷ ናት። በስሟ ይጻፍ» ብሎ ተቀመጠ። ንግግሩ ይኸው ብቻ ነበር።

ነገሩ የአልታየች ጉዳይ ነበር። የባሏ ወንድም ምናለ ማሳዋን ማረስ ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው። አውድማ ላይ ደስ ያለውን ያህል ይወስዳል፣ የተረፈውን ይጥልላታል። አሁን ደግሞ የአሥራ አንድ ዓመቷን ትልቋን ልጇን «ሰው ጠይቆኛል፣ እድራታለሁ» ማለት ጀምሯል። መሬቱ በስሙ ከተጻፈ እሷም ልጆቿም በእጁ ናቸው። በስሟ ከተጻፈ ግን የፈለገችውን ሰው ታሳርሳለች፤ ልጇንም አትሰጥም።

ሰው እንዴት እንደሚመርጥ ማወቅ የፈለገ ያን ሳምንት እዚያ መንደር መክረም ነበረበት። አምባቸው «ሰልፉ የረዘመበት ጋ እቆማለሁ፤ ብቻዬን መቆም ያመኛል» አለ። አንዱ አያ አራጌን የሚመርጠው ድምፃቸው ከጋራው ማዶ ስለሚሰማ ነው፤ ሌላው አህመድን የሚመርጠው አያ አራጌ ከሰባት ዓመት በፊት በቅሎውን ሽባ ስላሉበት ነው። እስላሙ ለእስላም፣ ክርስቲያኑ ለክርስቲያን ይቆማል ብለው የሰጉም ነበሩ፤ እነሱ ይህን አገር አያውቁትም። የአያ አራጌን ገብስ የበላው እስላም ብዙ ነበር፤ አህመድም በቅሬ ማለትም በቀብር ማኅበራቸው ዘመዱን ያልቀበረለት ክርስቲያን አልነበረም።

አልታየች ግን እንቅልፍ አጣች። ለአህመድ መቆም እንዳለባት ገብቷታል። ያስጨነቃት የአሠራሩ ነገር ነው። ያበላት ሰው ፊቱን አዙሮ ተቀምጦ፣ እሷ ከጀርባው ተሹለክልካ ሌላ ዘንድ ልትሄድ! ይህ ከክህደት በምን ይለያል? ዓርብ ዕለት አስቀድማ ልትነግራቸው ቆርጣ ቤታቸው ድረስ ሄደች። የቤተሰቡን ጤና ጠየቀች፣ የከብቱን ጤና ጠየቀች፣ የዝናቡን ነገር አነሳች፤ ከዚያ ተሰናብታ ተመለሰች።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ተሰበሰበ። ሁለቱም ፊታቸውን አዞሩ፤ ሰዉ መሰለፍ ጀመረ። ምናለ ከአያ አራጌ ጀርባ ከሰልፉ ፊት ቆሞ በአገጩ ጠቀሳት። አልታየች ተነሣች። ሁለቱንም ሰልፍ አልፋ፣ ዞራ፣ ከአያ አራጌ ፊት ሄዳ ቆመች።

«እህት፣ እንደዚህ አይቻልም!» ብላ ብርሀንነሽ ሮጠች።

«አፈር ስሆን ልጄ፣ አንድ ቃል ብቻ» አለቻት። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አያ አራጌ፣ ልጆቼ ዛሬ የቆሙት በእርስዎ ገብስ ነው። እስክሞት አልረሳውም። እኔ ግን ለአህመድ ነው የምቆመው። መሬቱ በስሜ ካልተጻፈ ምናለ ልጄን ይድርብኛል። ከጀርባዎ ከምሄድ ፊትዎ ቆሜ ልንገርዎ ብዬ ነው።»

አያ አራጌ ቀና ብለው አዩዋት፤ ፊታቸው ቀላ።

«ገብሱን የሰጠሁሽ ምርጫ ይመጣል ብዬ ነው እንዴ?» ብለው ጮኹ። «አንቺ ጅል! ሂጂ ከፈለግሽበት ቁሚ! ፀሐዩ በረታ!»

አልታየች እያለቀሰች ሄዳ ከአህመድ ጀርባ ቆመች። ቀጥሎ ሌላ ባል የሞተባት ሴት መጣች፣ ቀጥሎ ሌላ። አምባቸው ሁለቱን ሰልፎች በዓይኑ ሲለካ ቆይቶ ወደ አህመድ ሰልፍ ገባ። አህመድ በአሥራ ሁለት ሰው አሸነፈ። አያ አራጌ ጋቢያቸውን አራግፈው፣ ማንንም ሳያዩ ወደ ቤታቸው ሄዱ። አልታየች ያን ሳምንት ሙሉ ፊታቸውን ፈርታ በሌላ መንገድ ውኃ ቀዳች።

ምዝገባው ሰኔ ላይ ሆነ። የእሷ ተራ ሲደርስ ምናለ ተነሥቶ «ከወንድሜ መሬት ግማሹ የእኔ ድርሻ ነው፤ ድንበሩ መካከል ላይ ነው» አለ። አባቱ ማሳውን ለልጆቹ ሲያካፍል የነበሩት ሽማግሎች ሞተዋል፤ የቀሩት አንድ አያ አራጌ ናቸው። አህመድ አስጠራቸው። ምናለ ሲመጡ አይቶ ፈገግ አለ፤ አሳባቸውን ያውቃላ። አልታየችም ታውቃለች።

አያ አራጌ ሰዉን አንድ በአንድ ካዩ በኋላ «የእኔ አሳብ አልተለወጠም» አሉ። «መሬት ለወንድም ነበር የሚገባው። ማኅበሩ እንቢ ብሏል፤ ይሁን። አሁን የጠየቃችሁኝ ድንበር ነው። ድንበር ደግሞ አሳብ አይደለም።» ምርኩዛቸውን ይዘው ማሳው ውስጥ ገቡ። ትንፋሽ እያጠራቸው ከላይ ካለው ቋጥኝ እስከ ታች እስከ ቦዩ ድረስ ዳር ዳሩን በእግራቸው ዞሩት። «ይሄ ሁሉ የንጉሡ ነው። አባታቸው ሲያካፍል እዚህ ቆሜ ነበር። የምናለ ድርሻ ከቦዩ ማዶ ነው፤ እሱም አሳምሮ ያውቀዋል።»

ምናለ አንገቱን ደፋ። ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ ስሟን ከነአባቷ ጠየቃት፤ ጻፈው። መሬቷን ያስከበረላት ያልመረጠችው ሰው ነበር።

አልታየች ሮጣ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። እያለቀሰች ጉልበታቸውን ሳመች።

«ተነሺ እንግዲህ፣ አትነፋረቂብኝ» አሉ፤ ክንዷን ይዘው አነሷት። «ክረምቱ ገብቷል፤ ማሳሽ አልታረሰም። የእኔ በሬዎች ማክሰኞ ሥራ የላቸውም።»

«እሺ አያ» አለች። «ማክሰኞ።»