በፍቃዱና የሚያንኮራፋው ጉባኤ

በፍቃዱ ጅቡቲ የገባው በ1990 ዓ.ም. ክረምት፣ የኢትዮጵያ ዕቃ ፊቱን ከአሰብ ወደ ጅቡቲ ባዞረበት ጊዜ ነው። አሰብ ላይ የአንድ ትራንዚት ቢሮ ጸሐፊ ነበር። ቢሮው ሲሰደድ እሱም አብሮ ተሰደደ። የያዘው አንድ ሻንጣ፣ አንድ ክራቫትና አንድ ጽኑ እምነት ነበር፦ ሁለት ዓመት ይሠራል፣ ሰው ይሆናል፣ አዲስ አበባ ይመለሳል።

ሁለቱ ዓመት አሥራ ሦስት ሆነ። ክራቫቱን የጅቡቲ ላብ ቀለሙን አስለቀቀው። ሰው የመሆኑ ነገር ደግሞ ነገ ይደርሳል፣ ከነገ ወዲያ ይደርሳል እየተባለ ባሕር ላይ እንደሚቆም መርከብ ሆነበት።

ይህን ጉዳይ እንዳይዘነጋ የምትጠነቀቅለት ታላቅ እህቱ ሰብለወርቅ ነበረች። መርካቶ ጨርቅ ትነግዳለች፤ ነግዳም ፎቅ ሠርታለች። እሁድ እሁድ ትደውልለታለች።

"በፍቄ፣ ደህና ነህ?"

"ደህና ነኝ እትዬ።"

"ሰው የምትሆነው መቼ ነው ታዲያ?"

"እየሆንኩ ነው።"

"ቶሎ ሁን እንጂ፣ ፀጉርህ ሳያልቅ!"

ፀጉሩ ቀደመው።

በ2003 ዓ.ም. ለዕረፍት አዲስ አበባ ሲሄድ እህቱ እጁን ይዛ አንድ ሥልጠና አስገባችው። ጊዜው ስኬት የሚሸጥበት ጊዜ ነበር፤ ሻጩም በዝቷል፣ ገዢውም በዝቷል። አሠልጣኙ ነጭ ጫማ ያደረገ ሰው ነው፤ መድረኩን ከዳር እስከ ዳር እየተንጎራደደ ይጮኻል። "ስኬት ማለት ዓላማ ነው! ዓላማህ ምንድን ነው? ዓይንህን ጨፍን! የዛሬ አምስት ዓመት ራስህን ተመልከት!"

በፍቃዱ ዓይኑን ጨፈነ። ራሱንም ተመለከተ። መድረክ ላይ ቆሟል፤ ነጭ ጫማ አድርጓል፤ እየተንጎራደደ ይጮኻል።

እንግዲህ ሌላው ሠልጣኝ ፋብሪካና እርሻ ሲያይ፣ የእኛ ሰው ያየው አሠልጣኙን ነበር። ጅቡቲ ሲመለስ ነጩ ጫማ ሻንጣው ውስጥ ነበር።

ሃያብለ በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ውስጥ፣ ከባድ መኪኖች ወደ ዶራሌ ወደብ ከሚወርዱበት መንገድ ብዙም ሳይርቅ፣ ፋጤ የምትባል ሴት አንድ ሰፊ አዳራሽ ነበራት። ፋጤ ድሬዳዋ ተወልዳ ጅቡቲ ያገባች፣ አማርኛን ከሶማልኛ እያጋባች የምትናገር፣ ትንሹንም ትልቁንም "አንተ" የምትል ሴት ናት። ሟች ባሏ ቤቱን የሠርግ አዳራሽ ላደርገው ብሎ ሁለት የአየር ማቀዝቀዣ ገጥሞበት ነበር። ማቀዝቀዣውን ጅቡቲዎች እንደ ፈረንሳዮቹ "ክሊም" ይሉታል። ሠርጉ ሳይደገስ ሰውየው ሞተ፤ ክሊሞቹ ቀሩ።

"አንተ፣ ምን ልታደርግበት ነው?" አለችው ሊከራይ ሲመጣ።

"ሰዎችን ወደ ስኬት ላደርስበት።"

"መኪና አለህ?"

"በንግግር ነው ፋጤ።"

"በንግግር! አቦ፣ ይሁን። ግን ክሊሙ መብራት ይበላል። አንተ ባወራህ ቁጥር ቆጣሪው ይዞራል፤ አሳጥረው።"

ማሳጠሩን አልሰማም። በሩ ላይ "የስኬት ማዕከል፤ መግቢያ በነፃ" ብሎ በራሱ እጅ ጻፈ። የላስቲክ ወንበሮች ደረደረ። ጠዋት ቢሮው ይሠራል፤ ጅቡቲ ላይ ግን ቀትር ሲሆን ከተማው ይዘጋል። ቢሮው ይቆለፋል፣ ማዕከላዊ ገበያው ሸራውን ያወርዳል፣ የዕለቱ ጫት ከኢትዮጵያ ይገባና ሰው ሁሉ ጥቅሉን በብብቱ ይዞ ወደ ጥላው ይሰበሰባል። በፍቃዱ አይቅምም። ስለዚህ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ከመናገር በቀር ሥራ አልነበረውም።

በዚያ ሰዓት መሄጃ ያጡ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ። ኮንቴይነር ለመጫን ተራ የሚጠብቁ የኢትዮጵያ ሹፌሮች ናቸው። ሰልፉ አንዳንዴ ቀናት ይፈጃል። ጋቢናው ምድጃ ነው፤ ከተሳቢው ሥር ተጋድመው አሸዋ ያዘለ ሙቅ ነፋስ ይጠጣሉ። በመጀመሪያው ቀን አራት ሰዎች መጡ። በሳምንቱ ወንበር ጠፋ።

በፍቃዱ ደስታውን አልቻለውም። አሠልጣኙ ያላየውን ተሰጥኦ ሹፌሮቹ አዩለት! በተለይ አንዱን ይወደው ነበር። ፈንታው ይባላል፤ የኮምቦልቻ ልጅ፣ ትከሻው የበር መቃን የሚሞላ፣ ጅቡቲ ባለ ጊዜ አንድ ቀን የማይቀር፣ ሁልጊዜም ክሊሙ ሥር ካለችው ወንበር የማይነቃነቅ።

"ፈንታው፣ ዓላማህ ምንድን ነው?" አለው አንድ ቀን በጉባኤው ፊት።

"አሁን?"

"አዎ፣ አሁን።"

"ጥላ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ነፋስ።"

"የረጅም ጊዜ ዓላማህን ነው የጠየቅኩህ!"

ፈንታው አሰበና፣ "ረጅም ጥላ" አለ።

በፍቃዱ ይህን ጥልቅ ምሳሌ ነው ብሎ ተረዳው። "ዓይናችሁን ጨፍኑ!" ሲል ደግሞ እንደዚያ ያለ ታዛዥ ሕዝብ ታይቶ አይታወቅም። ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ ዓይን ሁሉ ይከደናል። ጥቂት ቆይቶ ከኋላ ረድፍ የከባድ ሞተር ድምፅ ይነሳል፤ ከፊት ረድፍ ሌላው ይመልስለታል። ሰዎቹ ስለ ወደፊታቸው አጥብቀው ሲያስቡ ትንፋሻቸው ይከብዳል ብሎ አሠልጣኙ አስተምሮታል። በፍቃዱ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ሐሳባቸውም በዚያው ልክ ይጠልቃል።

ይህ ሁሉ እስከ ሰኔ ድረስ ብቻ ነው። በሰኔ አንድ ቀን ስለ ጽናት ይናገር ነበር፤ ደርዘን ጊዜ የተለማመደው ንግግር ነው። "የጸና ሰው ነፋስ ቢነፍስ፣ እሳት ቢነድ ከቦታው አይነቃነቅም!" ሲል መብራት ሄደ። ሁለቱ ክሊሞች አስለው ዝም አሉ። አንዱ ሹፌር አንድ ዓይኑን ገለጠ። ሌላው በእግሩ ነጠላ ጫማውን መፈለግ ጀመረ። ንግግሩ ግማሽ ሳይደርስ አዳራሹ ውስጥ የጸናው በፍቃዱ ብቻ ነበር።

ተከትሏቸው ወጣ። ፈንታውን ከመኪናው አጠገብ በጀሪካን ውኃ ፊቱን ሲታጠብ አገኘው።

"ፈንታው፣ እውነቱን ንገረኝ። ለምንድን ነው የምትመጣው?"

"አትቀየመኝም?"

"አልቀየምህም።"

"ልተኛ ነው የምመጣው፣ ወንድሜ።" ፈንታው ፊቱን በመዳፉ ጠራረገ። "ንግግርህ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው፤ እንቅልፍ ያመጣል። አገር ቤት ያለሁ ይመስለኛል።" ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ጓደኛዬ ጸሐዬ አምና ድንበሩን፣ ጋላፊን፣ አልፎ መሪ ላይ አሸለበው። እኔ ነኝ ከኋላው ደርሼ ሬሳውን ያነሳሁት። ካንተ ዘንድ ተኝቼ የወጣሁ ቀን ቤቴ እንደምገባ አውቃለሁ" አለ።

በፍቃዱ አልቀየምም ብሎ ነበር፤ ተቀየመ። ከተነገረው ሁሉ ጆሮው ይዞ የሄደው ዝናቡንና ቆርቆሮውን ብቻ ነው። ነጩን ጫማ አውልቆ አልጋ ሥር ወረወረው። አዳራሹ ተቆልፎ ሰነበተ። ሰብለወርቅ ስትደውል "ስብሰባ ላይ ነኝ" እያለ ዘጋባት።

በመጨረሻ ፋጤ ራሷ ቢሮው ድረስ መጣች፤ ሻሿን እያራገበች በሩ ላይ ቆመች።

"አንተ፣ ሰዎችህ ደጄ ላይ ተኮልኩለዋል። ሰባኪው ሞተ ወይ ይላሉ።"

"ስብከት አይደለም የሚፈልጉት፤ እንቅልፍ ነው።"

"እና? እንቅልፍ ሐራም ነው?"

"ፋጤ፣ እኔ ሰውን ወደ ስኬት..."

"አቦ ተወኝ! ለሰዎቹ ጥቅም ነው የከፈትከው ወይስ እንዲያጨበጭቡልህ? የተኛ ሰው አያጨበጭብም። የጎደለብህ እሱ ብቻ ነው።"

በማግስቱ ጠዋት ወደ ቢሮ ሲሄድ መንገዱ ዳር የተደረደሩትን መኪኖች አየ። ከተሳቢዎቹ ሥር እግሮች ወጥተዋል፤ አንዳንዶቹ ካልሲ አላቸው፣ አንዳንዶቹ የላቸውም። አንዱ ሹፌር ተነስቶ ጋቢናው ላይ ሊወጣ ሲል መወጣጫውን ስቶ እጀታው ላይ ተንጠለጠለ። ዓይኑ ደም መስሏል። ይህ ሰው ነው እንግዲህ ያንን ሁሉ ብረት ይዞ ዳገት የሚወጣው። የፈንታው ንግግር ሁለተኛው ግማሽ በፍቃዱን የደረሰው ያን ጊዜ ነው። ጸሐዬን አያውቀውም፤ ሆኖም ቢሮው እስኪደርስ ስሙን እየደጋገመ ሄደ።

የላስቲክ ወንበሮቹን ሸጠና ምንጣፍና ስፖንጅ ገዛ። በጓሮ በኩል በርሜል ሰቅሎ መታጠቢያ ሠራ። ክፍያው እንደ ሻይ ሒሳብ ቀለል ያለ ሆነ። ሥራው እንደ ንግግር እንዳልሆነ ያወቀው ከዚያ በኋላ ነው። አሸዋው የክሊሙን ወንፊት በየቀኑ ስለሚደፍነው በየማለዳው ካስቀራት አንዲት ወንበር ላይ ወጥቶ ያጥባል። አንሶላ ያሰጣል። ጫት ይዞ የሚገባውን በር ላይ ይመልሳል፤ ስልክ የሚያስጮኸውን ያስወጣል። አንኮራፊዎችን በሩ አጠገብ፣ ጸጥተኞችን ወደ ውስጥ ማስተኛት ተማረ። አንድ ጊዜ ተሳስቶ ሁለት ታላላቅ አንኮራፊዎችን ጎን ለጎን አስተኝቶ፣ ፋጤ ጄኔሬተር ገዛህ ወይ ብላ መጣች።

ንግግሩን ግን ጨርሶ አልተወውም፤ ይሄ ሐሜት እንዳይመስላችሁ። ሰዎቹ ሲጋደሙ በሩ አጠገብ ተቀምጦ፣ በቀስታ፣ ስለ ዓላማና ስለ ጽናት ይናገራል። ፈንታው ራሱ ነው የጠየቀው፤ "ያለሱ እንቅልፉ ቶሎ አይመጣም" ብሎ። በፍቃዱም መጀመሪያ እንደ ስድብ፣ በኋላ እንደ ምስጋና ወሰደው።

ከሁሉ በላይ የሚወደው የሚነቁበትን ሰዓት ነበር። ሲገቡ ግንባራቸው እንደ ተጨማደደ ወረቀት ነው። አሥር ሰዓት ላይ አንዱ ቀና ይላል፤ የት እንዳለ ለጊዜው ይጠፋዋል፤ ከዚያ ያገኘዋል፤ ፊቱ ይፈታል። "በፍቄ፣ እግዜር ይስጥህ" ይልና መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል። በፍቃዱ መኪናው እስኪርቅ ቆሞ ይሰማዋል። እንዲህ ያለ ነገር ትራንዚት ቢሮ ውስጥ ሰምቶ አያውቅም። በኋላ ቢሮውን ለቀቀ።

ቤቱ ስም አወጣ። ሹፌሮቹ ሚስቶቻቸው ሲደውሉ "የት ነህ?" ካሏቸው "ስኬት ላይ ነኝ" ይላሉ። አንዷ የደሴ ሴት ባሏ ስኬት ላይ መድረሱን ለጎረቤት ሁሉ አውርታ፣ እሱ ሲመለስ ብድር የሚጠይቅ ዘመድ ደጃፉ ላይ ጠበቀው ይባላል።

በ2008 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ሰብለወርቅ መጣች። ወንድሟ ማዕከል መክፈቱን ሰምታለች። ምን ዓይነት ማዕከል ነው ስትለው "የሰው ኃይል ማደስ ላይ ነው የምንሠራው" ብሏታል፤ ይህ ደግሞ ውሸት ነው ማለት ያስቸግራል። ፈንታው ከአዲስ አበባ አሳፍሮ፣ ላብ በላብ አድርጎ፣ ቀትር ላይ በሩ ላይ አወረዳት። የሐር ነጠላዋን አስተካክላ ገባች።

አዳራሹ ሙሉ ሰው ተዘርግቷል። ወንድሟ በካልሲው፣ በእግር ጣቱ እየሄደ ዝንብ ያባርራል።

"ሞተዋል እንዴ?" አለች በሹክሹክታ።

"ተኝተው ነው እትዬ።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

"እና ሥራህ ይሄ ነው? ይህን ሁሉ ዓመት በረሃ ተቀምጠህ፣ ሰው ማስተኛት?" ድምፅዋ ከፍ አለ።

"እሽሽሽ!" አለ አንዱ ከምንጣፉ።

ሰብለወርቅን መርካቶ ውስጥ እሽ ያላት ሰው የለም። በፍቃዱ ለአልፎ ሂያጅ ሴቶች ብሎ በመጋረጃ የከለላት ጥግ ነበረች፤ ወስዶ አስቀመጣት። ውኃ ሊያመጣ ሄዶ ሲመለስ ነጠላዋን ተከናንባ ተኝታለች።

የነቃችው ከተማው ተከፍቶ፣ ሹፌሮቹ ሁሉ ከሄዱ በኋላ ነው። ተነስታ ተቀመጠች። ጉንጯ ላይ የምንጣፉ ጥለት ታትሟል።

"ሱቅ ከከፈትኩ ወዲህ ቀን ተኝቼ አላውቅም" አለች። "ለካ ደክሞኝ ኖሯል፣ በፍቄ።"

በፍቃዱ እህቱን እንዲህ ስትል ሰምቷት አያውቅም። ሁልጊዜ ከሱ የምትበልጥ ትመስለው ነበር። ሻይ ቀዳላት።

አዲስ አበባ ስትመለስ ግን ለመርካቶ ሁሉ "ወንድሜ ጅቡቲ ሆቴል አለው" አለች። ደውሎ ሊያርማት ሞከረ።

"እትዬ፣ ሆቴል አይደለም እኮ።"

"ዝም በል! ለሰው ምን ብዬ ላስረዳ? አገልግሎቱ የሆቴል ነው።"

ተወው። ሰው ስለ መሆን ግን ከዚያ ወዲህ አንስታበት አታውቅም፤ እሱም ማንሳቷን ይጠብቅ እንደነበረ የረሳው መቼ እንደሆነ አያውቅም።

በ2009 ዓ.ም. ሌላ ሐሳብ መጣ። አዲሱ ባቡር ሥራ ሊጀምር ነው፤ ኮንቴይነሩን ሁሉ ይጭነዋል፤ ከባድ መኪና ታሪክ ይሆናል ተባለ። በፍቃዱ ወንፊቱን እያጠበ ሲተክዝ ፈንታው አየው።

"ምን ሆነሃል?"

"ባቡሩ! ሁላችሁም ከሄዳችሁ እኔ ማንን ላስተኛ ነው?"

ፈንታው ስፖንጁን መርጦ፣ ክሊሙ ሥር ተዘረጋ። "ባቡር የሚነዳው ሰው እንቅልፍ የለውም ብሎ ማን ነገረህ?" አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ውጪ መኪኖች እየቆሙ ነበር፤ ዶራሌ መርከብ ገብቷል። በፍቃዱ ወንፊቱን ገጠመና ተጨማሪ ምንጣፍ ሊያወርድ ሄደ።