ሰንጢው እስኪታጠፍ

ልጅ ሳለሁ፣ አምቦ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው እኔን ብቻ ሳይሆን አይቀርም። አያቴ አካኮ ቶለሳ ያኔ ኩራዙን ለኩሰው፣ ከሰል ምድጃው አጠገብ ዱካቸው ላይ ይቀመጡና ሸንኮራ ጉልበታቸው ላይ ያጋድማሉ። ተረቱ የሚሄደው በሸንኮራው ልክ ነበር። አንድ አንጓ ልጠው ይሰጡኛል፣ እኔ ስመጥ እሳቸው ያወራሉ። የመጨረሻው አንጓ ሲያልቅ ሰንጢያቸውን ጠቅ አድርገው ያጥፉታል፤ ተረቱም በዚያው አበቃ። ብለምንም ባለቅስም አይቀጥሉም።

አንድ ማታ የሰንጢው ሞላ ተሰበረ። ተረቱ መሀል ላይ ነበርን፤ ፈረሱ የጠፋበት ሰውዬ ወንጪ ሐይቅ ዳር ቆሞ፣ ከወዲያ ማዶ ፈረሱ ሲያሽካካ ይሰማዋል። አካኮ በወጥ ቤት ቢላ ቢሞክሩ ጣታቸውን ጫራቸውና ተዉት። እኔ ፈረሱን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ቅዳሜ ወደ ሸምሱ ሱቅ ይዘውኝ ሄዱ። ሸምሱ ከሞባይል ቻርጀሮቹ ስር አንድ ሰንጢ አውጥቶ ዘረጋላቸው፤ አካኮ ግን አልተቀበሉም። በእኛ ቤት ስለት ከእጅ ወደ እጅ አይቀበሉም፣ ያጣላል ይባላል። ሰጪው አስቀምጦ እጁን ይሰበስባል፣ ተቀባዩ ያነሳል። ሸምሱም ገብቶት ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው፤ ሌሎችንም አውጥቶ አጠገቡ ደረደረ።

«አንቺ ምረጪ፣ የእኔ ዓይን ደክሟል» አሉኝ።

ቀይ እጀታ ያለውን፣ መቀስና ጠርሙስ መክፈቻ የተሰካበትን አነሳሁ።

«ክፈቺና ነቅንቂው» አሉ። ስለቱ ያኔ ሊወልቅ ከደረሰው ጥርሴ አይሻልም ነበር። ሌላም፣ ሌላም አስከፈቱኝ፤ እያንዳንዱን «አሁን ዝጊውና ድምፁን አሰሚኝ» እያሉ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። በመጨረሻ ተራ የእንጨት እጀታ ያለው፣ ለመክፈት የሚያስቸግር፣ ሲታጠፍ ግን ጠቅ የሚል አገኘሁ።

«ኦቦ ቶለሳ፣ ይቺ ልጅ ለራሴ የደበቅኩትን አገኘችብኝ» አለ ሸምሱ።

ማታ ግን ጉድ ፈላ። አዲሱ ሰንጢ ሸንኮራውን ባንድ ትንፋሽ ጨረሰው። ሰውዬው ገና ጀልባ ሲፈልግ የመጨረሻው አንጓ አለቀ፤ አካኮም ጠቅ አደረጉት። በገዛ እጄ ተረቴን አሳጠርኩት ብዬ እንባዬ መጣ።

አካኮ ፊቴን አዩና ሳቅ አሉ። ሌላ ሸንኮራ ከጓዳ አስመጥተው ጉልበቴ ላይ አጋደሙልኝ። ከዚያ የታጠፈውን ሰንጢ ከፊቴ መሬት ላይ አስቀመጡና እጃቸውን ሰበሰቡ። ለእኔ መሆኑ ቶሎ አልገባኝም።

«ሱታ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ «ቀስ ብለሽ ላጪ፣ ልጄ። እስክትጨርሺ አወራለሁ።»

ያን ማታ ሰውዬው ሐይቁን ተሻገረ፣ ፈረሱንም አገኘ፣ ተጣልተውት ከኖሩት ጎረቤቶቹም ጋር ታረቀ። ከዚያ ወዲህ ላጩ እኔ ሆንኩ። እጄ ሲለምድ ግን ብልጠት ጀመርኩ፤ ሸንኮራው ካለቀ በኋላም ባዶውን ልጣጭ እፍቃለሁ። ኩራዙ ደብዛዛ፣ የእሳቸውም ዓይን ደካማ ስለነበር ያታለልኳቸው ይመስለኝ ነበር።

አካኮ ካረፉ ቆይተዋል። ሰንጢው አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣ ሞላውም ደህና ነው። በቀደም ሸንኮራ ስልጥ መብራት ጠፋና በጨለማው ቀጠልኩ፤ ሳላውቀው ልጣጩን መፋቅ ጀምሬ ኖሮ ድምፁ ተሰማኝ። ከአገዳው ድምፅ ጋር ጭራሽ አይመሳሰልም። የአካኮ ዓይን ይድከም እንጂ ጆሯቸው ደህና ነበር።